የጠበሉ ትራፊ

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሰፈራችን ሰው «ተመራማሪው» እያለ ስለሚጠራኝና ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት ለእውነተኞቹ ተመራማሪዎች እንዳይተርፍ ብዬ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ተመራማሪዎቹ ያስባሉ፣ እኔ አጥባለሁ። አንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ በአሲድ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውኃ ታጥቦ፣ ተገልብጦ ደርቆ፣ ስም ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደስ ሲለኝ ኖሯል።

ስም ያልተጻፈበት ዕቃ አልወድም። ይህ ጠባይ ከሥራ ቦታ ተከትሎኝ ቤት ገብቷል። የስኳሩ ቆርቆሮ «ስኳር» ይላል፤ የጨዉ «ጨው» ይላል፤ በርበሬው ላይ የተፈጨበት ቀን ሳይቀር ተጽፎበታል። ባለቤቴ በተጋባን በዓመቱ አንድ ጠዋት ከነጩ ጋውኔ ጀርባ ላይ ወረቀት ለጥፋ ሰደደችኝ። «ባል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ይላል። እስከ ምሳ ሰዓት ማንም አልነገረኝም። ማሳሰቢያውም ቢሆን አያስፈልግም ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሌላ ዓይነት ቦታ የለም።

ነገሩ የሆነው የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደች ሰሞን ነው። ላብራቶሪያችን ሰው በሚጠጣውና በሚቀባው ነገር ውስጥ ያለውን መርዛማ ብረት የሚለካ ጥናት ይዞ ነበር፤ የምንጭ ውኃ፣ ኩል፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ድስት። ከእኛ ጎን ባለው ክፍል ደግሞ ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ሰዎች የጨቅላ ሕፃናትን ኢንፌክሽን ቀድሞ የሚጠቁም ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። ታብሌት ላይ የሕፃኑ ሙቀት፣ አተነፋፈስ፣ አጠባብ ይሞላል፤ ፕሮግራሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ያበራል። በወር አንድ ቀን ሁላችንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን የየራሳችንን እንናገራለን። ፕሮግራሙን የሠራው ወጣት መምህር «ከብዙ ሕፃናት መዝገብ ተምሯል» ሲል እጄን አውጥቼ «አንድ እንኳ ታቅፎ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልሳቀም። ጥያቄዬ ቃለ ጉባኤው ላይ «አስተያየት ተሰጥቷል» ተብሎ ተመዘገበ።

ባለቤቴ ስትወልድ እናቷ ሊያርሷት ከአንኮበር መጡ። አማቴ የቄስ ልጅ፣ የቄስ እኅት ናቸው፤ አባታቸው በልጅነታቸው ዳዊት አስደግመዋቸዋል። ከእኔ የበለጠ ያነባሉ፣ ያነበቡትንም ከእኔ የበለጠ ያስታውሳሉ። ይዘው የመጡት አንድ ቅል ቅቤ፣ አንድ የበግ አጎዛና አንድ አሮጌ የኩል ብልቃጥ ነበር። ኩሉ ከእናታቸው የወረሱት ድንጋይ ተፈጭቶ የተሞላ ነው፤ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

ልጅቷ በተወለደች በሦስተኛው ቀን አማቴ ዓይኗን ሊኩሏት ብልቃጡን ሲያወጡ ደረስኩ። «ትንሽ ይቆዩልኝ» ብዬ በጥፍሬ ጫፍ የምትያዝ ቆንጥሬ በወረቀት ጠቅልዬ ወሰድኩ። በማግሥቱ ከሥራ ናሙናዎቻችን ኋላ አስገብቼ ለካሁት። ማሽኑ የሚችለውን ያህል ቆጥሮ ከዚያ በላይ እንዳልችል እወቁልኝ ብሎ ቆመ። እርሳስ ነው፣ እሱም ብዙ። ያን ማሽን አጥቦ ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የጥናቱ መሪ ዶክተር ውጤቱን አይተው በጣም ደስ አላቸው፤ እንዲህ ያለ ናሙና በየቀኑ አይገኝም አሉ። እኔ ግን ልጄን እያሰብኩ ስለነበር ደስ አላለኝም።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ኩሉ ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዝ አለ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሕፃን ሲነካው ጭንቅላት ይጎዳል። ትምህርት አይገባውም፣ ነገር ይረሳል።»

«እኔ ተኩዬ ነው ያደግሁ። ልጄንም ኩያታለሁ።» ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ተኩለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እህ» አሉ።

ቢሆንም ብልቃጡን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቅሬታ ፊታቸው ላይ ነበር፤ ግን ከተቱት። እኔም በዚህ ድል ልቤ አበጠና ያን ዕለት ማታውኑ የማልረሳውን ስሕተት ሠራሁ። ወረቀት አነሣሁ፤ በደንበኛ የእጅ ጽሑፌ «ለሕፃኗ የማይሰጥ» የሚል ርእስ ጻፍኩ። ከሥሩ ኩል፣ ቅቤ፣ ውኃ፣ የስኳር ውኃ፣ የላም ወተት፣ ፌጦ ብዬ ደረደርኩ። ከመጨረሻው ላይ እንጥል ማስቆረጥ ክልክል መሆኑን ጨመርኩና የአራሷ አልጋ ራስጌ ላይ ለጠፍኩት። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡት፤ ዳዊት እንደሚደግሙት፣ በየቃሉ ቆም እያሉ።

«ሌላስ?» አሉ ሲጨርሱ።

«ሌላ የለም» አልኩ።

ጠበል አልጻፍኩም። እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር። የሐኪሙ ምክር «እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም» ይላል፤ ጠበልም ከዚያ «ምንም» ውስጥ ይቆጠራል ብዬ ለቄስ ልጅ ግድግዳ ላይ የምጽፍ ጀግና ግን አይደለሁም። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩት።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ልጅቷ ከመወለዷ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ለዚያው ጥናት የምንጭ ውኃ ልቀዳ አንኮበር ሄጄ ነበር። ከምንጮቹ አንዱ ጠበል ነው፤ የሚያገለግሉበት ቄስ የአማቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በዝምድና ይሻላል ተብሎ እኔ ተላክሁ። ጉም ከቆላው ወደ ላይ እየወጣ መንገዱን ሸፍኖት፣ ቄሱ በድንጋዩ ደረጃ ላይ ከፊቴ ቀድመው እየወረዱ፣ እኔ ሣጥኔን ታቅፌ ከኋላ እከተላለሁ። ጫማዬን አውልቄ ቀዳሁ። ጠርሙሶቹን በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁ፤ ሞላሁ፤ ከዚያ ከትንሿ ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ ጨመርኩ።

«እሱ ምንድን ነው?» አሉኝ ቄሱ።

«ናሙናው እንዳይበላሽ ነው፣ አባታችን።»

«ጠበል ይበላሻል?»

«ጠበሉ አይደለም። ውስጡ ብረት ካለ ጠርሙሱ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ነው። ያኔ ማሽኑ አያገኘውም።»

ነገሩን አመዛዘኑትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የምትፈልገውን ያህል ውሰድ» አሉ። «ጤና ከሆነ የመጣችሁበት፣ ጠበሉም ለጤና ነው። ብቻ አንድ ነገር። የተረፈውን እግር በሚረግጠው ቦታ እንዳትደፋው።»

«አልደፋም» አልኩ።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ልጅቷ በተወለደች በሳምንቱ የጠበሉ ውጤት ወጣ። ንጹሕ ነው። ማሽኑ ከተጣራው ውኃ ሊለየው አልቻለም። ሁለት ጠርሙስ ተረፈ። የጥናቱ መሪ «ድፋው» አሉኝ፤ እኔም ሁለቱን ጠርሙሶች ይዤ መታጠቢያው ዘንድ ቆምኩ። መታጠቢያው ወደ ቱቦ ይሄዳል፣ ቱቦው ከግቢው ውጭ ካለው ቦይ ይገባል፣ ያንን ቦይ ደግሞ ከተማው በሙሉ ይረግጠዋል። የአሲድ ፍሳሽ የምናጠራቅምበት በርሜልም አለን፤ በርሜሉ ሲሞላ የት እንደሚወሰድ ግን ጠይቄ አላውቅም። የላብራቶሪው ሕግ ናሙና ከግቢ አይወጣም ይላል። ቃሌ ደግሞ ቃሌ ነው። ያን ዕለት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የላብራቶሪ ሕግ አፈረስኩ። ጠርሙሶቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

አሳቤ ቀላል ነበር። ከቤታችን ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ አንድ አሮጌ ጽድ አለ፤ ሥሩን የሚረግጥ የለም። እዚያ ላፈሰው ነው። ብቻ አሲዱ ዛፉን እንዳይጎዳው አስቀድሜ በአመድ ማብረድ ነበረብኝ፤ ቤታችን ደግሞ የሚነደው ኤሌክትሪክ ነው፣ አመድ የለም። ቅዳሜ ከጎረቤት አመድ እስከማመጣ ድረስ ብዬ ጠርሙሶቹን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኳቸው። ለዛፉ ይህን ያህል ተጠንቅቄ ነበር።

ስም ተለጥፎባቸዋል፤ እኔ እያለሁ ስም የሌለው ጠርሙስ የለም። «ጠበል» ይላል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተጽፏል፣ የተቀዳበት ቀን አለ። አሲድ መግባቱን ደግሞ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ እንደምናደርገው ክዳኑ ላይ በአንዲት ቀይ ነጥብ አመልክቻለሁ። ቀይ ነጥብ ማየት ለእኛ «አትንካ» እንደማለት ነው። የቀይ ነጥብን ትርጉም የሚያውቁት በጠቅላላ አራት ሰዎች ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ በዚያን ሰሞን የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ቀኗን ያዘች። እኔ የሳምንቱን ዕቃ ላጥብ ሥራ ቦታ ሄድኩ። ረፋዱ ላይ ስመለስ በጎረቤት በኩል አለፍኩና አመድ በቆርቆሮ አስሞልቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ልጅቷ ትጮኻለች። እንደ ወትሮዋ አይደለም፤ እየተቆራረጠ፣ እያነቃት ነው። ባለቤቴ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ገና መንቃቷ ነው፤ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ታሻለች። አማቴ ልጅቷን ታቅፈዋል። ጠረጴዛው ላይ አንደኛው ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ ከጎኑ እርጥብ ጥጥ አለ።

«እማማ፣ ይህን ማን አወረደው?»

«እኔ ነኝ። ልጅቱ ትኩሳት አላት። ከጠዋት ጀምሮም ጡት እንቢ ብላለች።»

«ሰጧት?»

«ከንፈሯን በጥጥ አራስኩላት። ግንባሯ ላይ፣ በአንገቷም በኩል ደረቷ ላይ ረጨሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ግድግዳው ላይ አልተጻፈም።»

አልተጻፈም። ኩሉን ከልክያለሁ፣ ቅቤውን ከልክያለሁ፣ ውኃውን ከልክያለሁ። ሴትየዋ ሁሉንም እንደ ጻፍኩት ፈጽመውታል። እዚያ ቤት ውስጥ ለልጄ የቀረላት አንድ ነገር ቢኖር በገዛ ቦርሳዬ ያመጣሁት አሲድ ነበር።

ሒሳቡን አውቀዋለሁ። በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አሲድ ከሎሚ ጭማቂ እምብዛም አይብስም፤ በጥጥ የነካ ከንፈር አይሞትም። ይህ ዕውቀት ጭንቅላቴ ውስጥ በትክክል ተቀምጧል። እኔ ግን አመዱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ ጠርሙሱን ሳብኩና አፉን ላስኩት። ናሙና መቅመስ በእኛ ሥራ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው፤ አዲስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምነግረው እኔ ነኝ። ኮመጠጠኝ፣ ምላሴንም ጠዘጠዘኝ።

«ምንድን ነው?» አለች ባለቤቴ።

ነገርኳት። ለእሷ ብቻ፣ በጆሮዋ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ተነሥታ ጋቢዋን ደረበች፣ ልጅቷን ከእናቷ ተቀበለች፣ ጫማዋን እግሯ እየፈለገ «ሐኪም ቤት» አለች። «የቀረውን በኋላ እንነጋገራለን።»

አማቴ አልቀርም አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ጠርሙሱን ከውስጥ ሸሽገው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ምን እንደተፈጠረ ገና አልገባቸውም ነበር፤ የጨነቀን ትኩሳቱ ነው የመሰላቸው። እኔም ከመንገዱ ጩኸት ጋር አልነገርኳቸውም። እንዲያውም ደስ ያለኝ ይመስለኛል፣ ጩኸቱ ስለነበረ።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ የሕፃናት ክፍል ስትሠራ ያገኘናት ነርስ እጇ ላይ ታብሌት ይዛለች። ያ ታብሌት ነው። ከጎናችን ያሉት ሰዎች ፕሮግራማቸውን እዚያ እየሞከሩት እንደነበረ ተዘንግቶኝ ነበር። ነርሷ የልጅቷን ሙቀት ለካች፤ ትንፋሿን በእጅ ሰዓቷ ቆጠረች፤ እየቆጠረች ሞላች። ከዚያ ጥያቄዎቹን ከታብሌቱ ላይ ማንበብ ጀመረች።

«ጡት ትጠባለች?»

«ከጠዋት ወዲህ ቀንሳለች» አለች ባለቤቴ።

«እትብቷ እንዴት ነው? ቅላት፣ እብጠት?»

«ከወደቀ ቆይቷል። ደኅና ነው።»

«ከጡት ሌላ የወሰደችው አለ? ውኃ፣ ቅቤ፣ የላም ወተት፣ ሌላ።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። አማቴም ዞሩ፤ በእሳቸው በኩል የሚደብቁት ነገር ስለሌለ የኔን መልስ የሚጠብቁት እንዲያው በጨዋነት ነው።

«ጠበል» አልኩ።

እውነት ነው፤ ጠበል ነው። ነርሷ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ እዚህ አገር በየቀኑ የምትሰማው መልስ ነው። «ሌላ» የሚለውን ነካችና ጨረሰች። ታብሌቱ አሰበ፤ ቢጫ አበራ። «ክትትል ያስፈልጋል ይላል። ትኩሳቱ የልብስ ብዛትም ይሆናል» አለችን። «ቤት ውሰዷት፣ ጡት ደጋግሙላት፣ ነገ ጠዋት አምጧት።»

ባለቤቴ አልተነሣችም። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠርሙሱ ላይ የገባበትን ሁሉ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ በአንድ ቃል ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ማከል አቅቶኝ ተቀምጫለሁ። የማፍረው ከነርሷ አልነበረም። አማቴ ፊት ነው ያፈርኩት። ኩላቸውን መርዝ ብያቸዋለሁ።

«ሲስተር» አልኩ። «ጠበሉ ውስጥ አሲድ አለ።»

«ምን አልክ?»

«ናይትሪክ አሲድ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ለምርመራ ነው። ሳይደፋ ቤት አስቀምጬው ነው። እሳቸው አላወቁም።»

ነርሷ ታብሌቱን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። አማቴ ጠርሙሱን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው፣ እንደ ሰው ፊት ለፊት አዩት፣ ከዚያ ከታብሌቱ አጠገብ አቆሙት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ የዚያን ጊዜውን ዝምታ የሚያህል ግን የለም።

«የት የት ነካት?» አለች ነርሷ።

«ከንፈሯን። ደረቷን።»

«አውልቋት።»

ልጃችንን መፍታት ጊዜ ወሰደ። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ እንደ ጥቅል ጎመን ነበረች። ብርድ ልብሱ፣ ፎጣው፣ ሁለቱ መጠቅለያ፣ ሹራቡ፣ የውስጡ ልብስ። ሦስት ቀን ሙሉ ሽንት ጨርቋን ስንቀይር እንኳ ከሥር ብቻ ገልበን፣ ፈጥነን መልሰን ነበር የምንሸፍናት። ነርሷ አፏን በባትሪ አየች፤ ደኅና ነው። ደረቷን አየች፤ ምንም የለም፣ ሽፍታ እንኳ አልወጣም። ከዚያ የመጨረሻውን ልብስ ወደ ታች ስትገልጠው እጇ ቆመ። እትብቷ ዙሪያ ቀልቷል። ቅላቱ እንደ ክብ ሆኖ ወደ ሆዷ ተስፋፍቷል፤ በጣቷ ስትጫነው ልጅቷ ጮኸች። ሽታም ነበረው።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሦስታችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ማየታችን ነው።

«አሲዱን ተዉት» አለች። «አሲዱ ምንም አላደረጋትም። ይሄ ነው የያዛት። ወደ ደም ሳይገባ ከሆነ የደረስነው...» ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጄ ትንሽዬ እጇ ላይ መርፌ ተተክሎላት መድኃኒት ይገባላት ጀመር።

ስድስት ቀን ተኛች። ሁለቱን ቀን ለሞት ነው የቀረበችው፤ ይህን ማንም በአፉ አልነገረኝም፣ ሐኪሙ በየስንት ሰዓቱ እንደሚመጣ ግን ቆጥሬያለሁ። ሴቶቹ አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ እኔ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። እጄ የሚሠራው ሲያጣ የሐኪም ቤቱን የውኃ ጆግ አጥባለሁ። ሦስት ጊዜ።

በሦስተኛው ቀን ፕሮግራሙን የሠራው ወጣት መምህር ሰምቶ መጣ። ብርቱካን ይዟል። አጠገቤ ተቀምጦ «ስለ እትብቱ ፕሮግራሙ ጠይቆ ነበር» አለ። መከላከሉ አልነበረም፣ አዝኗል። «መዝገቡን አየሁት። ደኅና ነው ተብሎ ተሞልቷል።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ደኅና ነው ያልነው እኛ ነን።»

«ቀይ ማብራት ነበረበት።»

«ልብስ አያወልቅም» አልኩት። «አንተም እኮ ነገርከኝ፣ ከመዝገብ ነው የተማረው።»

ከዚያ ብርቱካን ልጠን በላን። በስብሰባው ቀን በጠየቅሁት ጥያቄ አፈርኩ፤ ታቅፌ የማውቀው እኔ ነኝ፣ እኔም አላየሁም።

አማቴ ያናገሩኝ በአራተኛው ቀን ነው። ልጅቷ ጡት ይዛ ትኩሳቷ የበረደ ዕለት። ወደ ኮሪደሩ ወጥተው አግዳሚው ላይ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«ያቺ ቀይ ነጥብ ምንድን ናት?»

«አሲድ አለበት ማለት ናት፣ እማማ።»

«እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም መስላኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ኩሉንም እንደዚያ ብዬ ያስቀየምኩዎት...»

«ኩሉን ተወው። ማሽንህ ካለ አለ፤ ጣልኩት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ብቻ ግድግዳህ ላይ ጨምርበት። 'ከቁም ሣጥን አናት ላይ ያለ አይነካ' በል።»

«ጠበል እንዳይሰጥስ ልጻፍ?»

«ለምን ብለህ? ጠበሉማ ሥራውን ሠራ። ያን ዕለት ባልረጫት አንተ አትደነግጥ፤ ባትደነግጥ አትመጣ፤ ባትመጣ ልብሷን የሚገልጥ የለም።»

ይህን ክርክር ከዚያ ወዲህ ከሁሉም በኩል መርምሬዋለሁ። ቀዳዳ አላገኘሁበትም። ያልጠቀሱት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «ጠበል» ብዬ ባቆምኩባት በዚያች ደቂቃ ልጄን ይዘን ወደ ቤት ልንመለስ ነበር። እሱን እሳቸውም ያውቁታል። ሳይጠቅሱልኝ ቀሩ፤ እስከ ዛሬም ስለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ሁለተኛውን ጠርሙስ በአመድ አብርጄ ከጽዱ ሥር አፈሰስኩት። የመጀመሪያው ሐኪም ቤት ሳየው ባዶ ነበር፤ ጥጡ የጠጣው አለ፣ የተረጨው አለ፣ በባጃጁ ውስጥ ከነጠላው ሥር ያንጠባጠበው አለ። ለዶክተሩ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ናሙና ከግቢ ስላወጣሁ በጽሑፍ አስጠነቀቁኝ፤ ይገባኛል። ደግሞም የናሙና ማስወገጃ ቅጽ እንድሞላ ሰጡኝ። የናሙናው ዓይነት፣ የተቀዳበት ቦታ፣ መጠኑ፣ ሁሉንም ሞላሁ። «የተወገደበት ቦታ» የሚለው ጋ ስደርስ ለአንደኛው ጠርሙስ «ጓሮ፣ ከጽድ ሥር» ብዬ፣ ለሌላኛው ባዶውን ተውኩት። ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ተቀመጠ። እኔ ባዶ የተተወ ቅጽ መሳቢያዬ ውስጥ ኖሮኝ አያውቅም።

በሰማንያኛው ቀን ልጃችንን ክርስትና ልናስነሣ አንኮበር ወሰድናት። ያጠመቋት እኚያው ቄስ ናቸው። ማተብ አሰሩላት፣ የክርስትና እናቷ ታቀፈቻት፣ ሰዉ እልል አለ። ከዚያ ሰው ወደ ምሳው ሲያመራ ቄሱ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ከአማቴ እንዳልሰሙ ፊታቸው ይናገራል፤ እኅትየው ለእኔ ትተውልኝ ኖሯል።

«የተረፈውን የት አፈሰስከው?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መታጠቢያው ዘንድ ከቆምኩበት ጀምሮ፣ ቁም ሣጥኑን፣ ጥጡን፣ ነርሷ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ ምን እንዳልኩ ጭምር። ደስ ብሎኝ የምናገረው ነገር አልነበረም፣ ግን ሳላስቀር ተናገርኩ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ተግሣጽ እጠብቅ ነበር።

«አንዱ ከዛፍ ሥር» አሉ።

«አዎ አባታችን።»

«አንዱ ልጅቱ ላይ።»

«አዎ።»

ዞረው አይዋት። የክርስትና እናቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች፤ አዲሱ ማተብ አንገቷ ላይ ሰፍቷት ተጠምዝዟል። ሄደው በሁለት ጣታቸው አቀኑላትና ተመለሱ።

«እግር የማይረግጠው ቦታ ብዬህ ነበር» አሉ። «ቃልህን አላፈረስክም። ግን አልጨረስከውም። ከእንግዲህ ማንም እንዳይረግጣት መጠበቅ ያንተ ነው።»

«እሺ» አልኩ። አለቀስኩ። ቄሱ ምሳ እንዳይቀዘቅዝ ነው ብለው ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ እንደገባሁ ጠርሙስ ከማጠቤ በፊት መሳቢያዬን ከፈትኩ። ባዶ በተውኩት ቦታ ላይ በደንበኛ የእጅ ጽሑፌ «አልተወገደም» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀኑን አኖርኩ፣ ፈረምኩበት።